የደሴው የክረምት የንባብና የጽሕፈት ክፍል፦ ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች ያዋጣል ወይ?

ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አላችሁ? አንድ ገጽ አንብቦ ሲጨርስ «እሺ፣ ምን ይላል?» ስትሉት ጣራ ጣራውን ያያል? እንግዲያው ይሄ ግምገማ ለእናንተ ነው። በ2017 ክረምት ልጄን ያስገባሁበት የንባብና የጽሕፈት ክፍል ደሴ ውስጥ ነው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ስሙን አልጽፍም። አስተማሪዎቹ በመደበኛው ጊዜ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሠሩ ስለሆኑ ስማቸው በየቴሌግራሙ እንዲዞር አይፈልጉም። እኔም ቅሬታ ስላለኝ በስም መጥራቱን ትቼዋለሁ። የሰፈሩ ሰው መቼም ያገኘዋል።

ለቸኮለ ሰው በአጭሩ፦ ንባቡ ግሩም ነው። ጽሕፈቱ በደንብ ይጀመርና እርማቱ ላይ ይወድቃል። ክፍያው ትንሽ በዛ።

ላልቸኮለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ልንገር። የክረምት ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን ማጠናከሪያ ነው የሚመስለን። የመጪውን ዓመት ሒሳብና ሳይንስ ቀድሞ መጀመር፣ የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ጥያቄዎች መሥራት፣ እንዲህ ያለው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። የሚያስተምሩት የሚያስረዳ ጽሑፍ ማንበብና የሚያስረዳ ጽሑፍ መጻፍ ነው፣ በቃ። ተረት የለም፣ ግጥም የለም፣ «የማልረሳው ቀን» የሚል ድርሰትም የለም። አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሆን፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ ጽሑፍ ብቻ። ትምህርት ቤት ገላጭ ድርሰት ሲባል የምናውቀው ማለት ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ክረምት ሙሉ ያስኬዳል?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ያስኬዳል። ልጆቻችን በታችኞቹ ክፍሎች የሚያነቡት በአብዛኛው ታሪክ ነው። ጦጣና አንበሳ፣ ሰነፉ ገበሬ፣ ብልሁ ዳኛ። ታሪክ ራሱ ይጎትትሃል፤ ማን ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ሆነ እያልክ ሳታውቀው ገጹ ያልቃል። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ግን አንዱ መጽሐፍ ስለ አፈር መሸርሸር ያወራል፣ ሌላው ስለ ሴል ያወራል፣ ያውም የልጄ የሳይንስ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ጀግና የለ፣ ጦጣ የለ። ልጁ ቃሉን ሁሉ አጥርቶ ያነብልሃል፣ ሲጨርስ ግን እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም።

የእኛ አካባቢ ልጆች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ2017 ሰባተኛን የጨረሰ ልጅ ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋው። አራተኛ ክፍል ሲገባ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጣ፤ የ2014 መጀመሪያ እንዴት እንዳለፈ እዚህ የነበርን እናውቀዋለን። ንባብ እጅ በሚገባበት ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተቆረጠባቸው ማለት ነው። «የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው፣ ስልክ ነው የሚያዩት» የሚለው ወሬ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ስልኩም አለበት፣ አልክድም፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

በላዩ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ፈርቷል። የፈራ ወላጅ ይከፍላል። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴ ውስጥ የማይከፈት ኮርስ የለም፤ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በየግንቡና በየመብራት እንጨቱ ማስታወቂያ ነው። አብዛኛው «የተሟላ ማጠናከሪያ በብቁ መምህራን» ይላል። የዚህኛው ወረቀት ግን «ልጅዎ ያነበበውን ይረዳል?» ይል ነበር። ይቺ ጥያቄ ናት ኪሴ ውስጥ የገባችው።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ጉሙን አንዴ ከለበሰ ቀኑን ሙሉ አያወልቅም፣ ልጆቹም ጃኬታቸውን እንደለበሱ ነው የሚማሩት። ወንበሩ ደህና ነው። ሽንት ቤቱ አንድ ብቻ ነው፣ ስለሱ ከዚህ በላይ አልልም።

አሁን ወደ ንባቡ። ገንዘቤ ያልቆጨኝ እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ወላጅ ኋላ ተቀምጦ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። ይሄን አሠራር ወድጄዋለሁ፤ ሌላ ቦታ እንደዚህ ሲደረግ አላየሁም። የጠዋቱን ፈረቃ የምትይዘው መምህርት አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ገባች። ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ ስለ ልጅ ኢያሱ አባት ነው። ከመታደሉ በፊት ግን ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ እንዲያሰምሩ አደረገች፦ የማውቀው፣ ማወቅ የምፈልገው፣ ያወቅሁት። ይሄን ሠንጠረዥ ዶና ኦግል የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ባለሙያ ናት በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀችው፤ አዲስ ነገር አይደለም። መምህርት የሆነች ጎረቤቴ «እሱንማ እኛም ኮሌጅ ተምረነዋል» አለችኝ። ይሁን፤ ክፍል ውስጥ ሲሠራበት ያየሁት ግን ገና አሁን ነው።

አንዱ ልጅ «የማውቀው» በሚለው ሥር «አይጠየፍ አዳራሽ ያለው እኛ ሰፈር ነው» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌላ የሚያውቀው የለም። ልጆቹ ሳቁ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም።

«ጥሩ። አይጠየፍ ለምን ነበር የተሠራው?»

ልጁ ዝም።

«አታውቅም ማለት ነው። እንግዲያው ሁለተኛው ዓምድ ላይ ጻፈው።»

ጻፈው። ወረቀቱ ሲታደል ያ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ነው ያቀረቀረው፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ነገር አለ። አዳራሹ የግብር ማብሊያ እንደነበር ሲያገኝ «ቲቸር አገኘሁት!» ብሎ የጮኸው ጩኸት ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የበለጠ ገረመኝ። መምህርቷ የጽሑፉን አንድ አንቀጽ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቆራርጣ በፖስታ አድርጋ ለየቡድኑ አደለች፣ ቀኖቹን ግን አጥፍታቸዋለች። ሚካኤል ንጉሥ ተባሉ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። አስተካክላችሁ ደርድሩ አለቻቸው። አንዱ ቡድን ሰገሌን አስቀድሞ «ሰገሌ ላይ ስለተሸነፉ ልጅ ኢያሱ ተሻሩ» ብሎ ደረደረ፣ ሽንጡን ገትሮም ይከራከራል። ሌላው ቡድን «ልጃቸው ባይሻርባቸው ለምን ይዘምታሉ?» ይላል። ክፍሉ ገበያ ሆነ። ለካ እንዲህ ያለ ጫጫታ ለትምህርት ጥሩ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ሲደክማቸው ቀኖቹን ሰሌዳ ላይ ጻፈችላቸው፦ ንግሡ 1906፣ የልጅ ኢያሱ መሻር መስከረም 17 ቀን 1909፣ ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909። በመሻሩና በሰገሌ መካከል ልክ አንድ ወር። የመጀመሪያው ቡድን ዝም አለ።

ቀጥሎ የጠየቀችውን ጥያቄ ግን እኔ ራሴ ትምህርት ቤት እያለሁ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አንዱ ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ የመጀመሪያው ምክንያት ነው ማለት ነው? ጽሑፉ ላይ ምክንያት መሆኑን የሚነግራችሁ ቃል የትኛው ነው? አሳዩኝ።» ልጆቹ ወረቀቱ ላይ «ከዚያ»ን፣ «በኋላ»ን፣ «ስለዚህ»ን፣ «በመሆኑም»ን ማደን ጀመሩ። ጊዜን የሚናገረውን በአንድ መስመር፣ ምክንያትን የሚናገረውን በሁለት መስመር ማስመር። የተማርኩት እኔም ነኝ፤ ልጆች «ስለዚህ»ን በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ እንደ ጨው የሚነሰንሱት ለካ ሥራው ምን እንደሆነ ነግሯቸው የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

በቀሪው ጊዜ ይሄንኑ በሌሎች ጽሑፎች ላይ ነው የሚደጋግሙት። የሚያስረዳ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከአምስት መንገድ በአንዱ ነው የሚዋቀረው፦ ነገሩን ዘርዝሮ በመግለጽ፣ በቅደም ተከተል፣ በምክንያትና ውጤት፣ በማነጻጸር፣ ወይም ችግርና መፍትሔ በማቅረብ። ልጁ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ከገባው ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ስለ ቦርከና ወንዝ ያነበቡት ጽሑፍ መጀመሪያው መግለጫ ነበር፣ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ ወደ አዋሽ እንደሚሄድ፤ መሀሉ ላይ ወደ ችግርና መፍትሔ ዞረ፣ ቆሻሻው ነገር መጣ። ልጄ «እዚህ ጋ ተቀየረ» ብላ ኅዳጉ ላይ መስመር አስምራ ነው ወደ ቤት ያመጣችው። እውነት ለመናገር እኔ ሳነበው መቀየሩን ልብ አላልኩትም ነበር።

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ የሚያነቡበት መንገድም ጥሩ ነው። መምህርቷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እያነበበችም የምታስበውን በአማርኛ ትናገራለች። «እዚህ ጋ ጠፋብኝ። ይሄን ቃል አላውቀውም፤ ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ይፈታልኝ እንደሆነ ልይ። አዎ፣ ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል።» ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩዋት። አስተማሪ አነባበቡ ይጠፋዋል ብለው አስበው አያውቁም። ንዑስ ርዕሱን፣ የሥዕል መግለጫውን፣ ሠንጠረዡን ማየት ጽሑፉን ከማንበብ እንደሚቆጠርም እዚህ ነው የተማሩት። እስከዚያ ድረስ ልጄ ሠንጠረዥ ስታይ ትዘል ነበር። ጌጥ ይመስላታል።

ማጠቃለልን የሚያስተምሩበት ዘዴ ቀላል ነው። ልጅ «አሳጥረህ ጻፍ» ሲባል የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል፣ ያለቀለት ነገር ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ በፊቱ ይደፋል። ለጎረቤትህ በአፍህ ንገረው፣ እሱ ከገባው ጻፈው፣ ካልገባው ወረቀቱን ገልብጠህ ተመለስ። በቃ ይኸው ነው። ቤት ውስጥም ይሠራል፤ ሞክሩት።

ጽሕፈቱ አጀማመሩ ጥሩ ነበር ብያለሁ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ደሴንና ኮምቦልቻን አነጻጽሩ የሚል ነው። ልጄ ፈቅዳልኝ የመጀመሪያውን ረቂቋን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«እንደሚታወቀው ደሴ በጣም ቆንጆ ከተማ ናት። ኮምቦልቻም በጣም ቆንጆ ከተማ ናት። ደሴ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ አለ። በአጠቃላይ ሁለቱም ቆንጆ ከተሞች ናቸው።»

ሳቃችሁ አይደል? የሁላችንም ድርሰት እንደዚህ ነበር። መምህርቷ በቀይ አልሞነጫጨረችውም። ሦስት ነገር ብቻ ነው የጻፈችው። «እንደሚታወቀው» የሚለው ሥር «የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትነግሪኛለሽ?» ቆንጆ የሚለው ላይ «ምኑ?» ከዚያ ብርዱና ፋብሪካው መካከል ቀስት አድርጋ «እነዚህ ሁለቱ እንዴት ይወዳደራሉ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንደሚታወቀው» እና «በአጠቃላይ» ክፍሉ ውስጥ ታገዱ። ይሄን ሕግ ያወጣ ሰው ሊሸለም ይገባዋል።

ቀጥሎ አስተዋጽኦ ነው፣ የጽሑፉ ንድፍ ማለት ነው። ሠንጠረዥ ያሰምራሉ፣ በአንድ በኩል ደሴ፣ በሌላ በኩል ኮምቦልቻ፣ ወደ ታች ከፍታ፣ አየር፣ ሥራ፣ ትራንስፖርት። ደሴ ብርድ ናት ካልሽ ኮምቦልቻም ስለ አየሯ መናገር አለብሽ፤ ባዶ ሳጥን አይፈቀድም። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ «ሥራ» የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ደረታቸውን ነፉ፦ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራው፣ በ2009 ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አየር ማረፊያውም እኛ ጋ ነው እያሉ። የደሴዎቹ ደግሞ ሙዚየሙን፣ አይጠየፍን፣ ገበያውን እያነሱ መለሱ። መምህርቷ ዝም ብላ ሰማቻቸውና ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «አንባቢው ሁለቱንም ከተሞች አይቶ የማያውቅ የጎንደር ልጅ ቢሆን ከዚህ ሁሉ የትኛው ይጠቅመዋል?» ግማሹ ተሰረዘ።

ልጄ አየሩን ብቻ መረጠች። የመጨረሻው ጽሑፏ እንዲህ ይጀምራል፦

«ደሴና ኮምቦልቻ ተቀራራቢ ከተሞች ቢሆኑም አየራቸው ለየቅል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ትቀዘቅዛለች። ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል ሞቅ ትላለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በመሆኑም በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል።»

ኃይለ ቃሉ አለ፣ መዘርዝሮቹ አሉ፣ ምክንያቱ አለ፣ ሒሳቡንም ራሷ ነው የሠራችው። «ቆንጆ» የለም። ፊደሉ አሁንም እንደ ሐኪም ጽሑፍ ነው፣ «ሀ»ና «ሐ»ም ተደበላልቀዋል፤ መምህርቷ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው ብላ መጀመሪያውኑ ለወላጆች ነግራናለች። ሐሳቡ ሳይስተካከል ፊደል ማረም ጊዜ ማባከን ነው ባይ ናት። አንዳንድ ወላጅ አጉረመረመ። እኔ ልክ ናት እላለሁ።

ሌላው ጥሩ ሥራ ቅደም ተከተል የሚጻፍበት ነበር። የምታውቁትን ሥራ ለማያውቅ ሰው አስረዱ። አንዷ እንጀራ መጋገርን፣ ሌላው ቡና ማፍላትን ጻፈ። አባቱ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ዝምተኛ ልጅ የባጃጅ ጎማ አቀያየርን ጻፈ፣ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠውም እሱ ነው። ስሕተት አልነበረበትም አይደለም፤ ግን አንድም ደረጃ አልዘለለም፣ ብሎኑን ከመፍታት በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ሳይቀር። የሚያውቁትን ሲጽፉ እንደዚህ ነው።

ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። መሀል ላይ አንድ ልጅ በስልኩ ያጻፈውን ጽሑፍ እንደ ቤት ሥራ ይዞ መጣ፣ «ዘርፈ ብዙ ፋይዳ» ምናምን የሚል፣ ሪፖርት የመሰለ። መምህርቷ አልጮኸችበትም፤ «እስቲ ደብተሩን ዝጋና በአፍህ ንገረኝ» አለችው። አልቻለም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ በእጅ ሆነ።

እስካሁን ካነበባችሁ ሁሉም አልጋ በአልጋ ይመስላል። አይደለም። ነሐሴ ሲገባ ነገሩ ተበላሸ።

ማስታወቂያው ትንሽ ክፍል፣ የቅርብ ክትትል ይላል። ሐምሌ ላይ እውነት ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ጥሩ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ያለ ገደብ መዝግበው ሞሉት። ሦስት ልጅ በአንድ ወንበር። ማንበብ በብዙ ልጅም ይቻል ይሆናል፤ የጽሑፍ እርማት ግን አይቻልም። ያቺ በየረቂቁ ላይ ጥያቄ ትጽፍ የነበረች መምህርት «ጥሩ ነው፣ በርቺ» መጻፍ ጀመረች። አልፈርድባትም፣ ሰው ናት፤ ያን ሁሉ ደብተር ተሸክማ ባጃጅ ስትጠብቅ በዝናብ አይቻታለሁ። የምወቅሰው ገንዘቡን የሚቀበለውን ቢሮ ነው። የልጄ የነሐሴ ረቂቆች የሐምሌውን ያህል አላደጉም፣ ምክንያቱም ሁለተኛ ረቂቅ የሚጻፈው የመጀመሪያው ላይ የሚመለስ ጥያቄ ሲኖር ነው። «በርቺ» የሚል ወረቀት ላይ ምን ይስተካከላል?

ሄጄ ተናገርኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ጨዋ ናት። «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ይስተካከላል» አለችኝ። አልተስተካከለም። በሌላ ቀን ስመለስ «ጋሼ፣ ለኃላፊው አድርሻለሁ» አለች። ኃላፊውን ክረምቱን ሙሉ አላየሁትም።

ይባስ ብሎ መምህርቷ በታመመችበት ሰሞን የተተካው ወጣት ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ «የድርሰት ዓይነቶች» ብሎ ጻፈና «ገልብጡ» አላቸው። ገለበጡ። ልጄ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ይዛ መጣች፤ የገላጭ ድርሰት ትርጉም፣ የገላጭ ድርሰት ባሕርያት፣ የገላጭ ድርሰት ጥቅሞች። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ራሳቸው አልጻፉም። እሱን በነጻ ትምህርት ቤት ታገኘዋለች።

ክፍያው በ2017 ክረምት በወር 1,500 ብር ነበር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ የሁለቱ ወር በቅድሚያ። ፎቶ ኮፒ ለብቻ ያስከፍላሉ። ይሄ አልተዋጠልኝም፤ ትምህርቱ ሁሉ በወረቀት የሚሰጥ ከሆነ ወረቀቱ ክፍያው ውስጥ መግባት ነበረበት። ያውም አንዳንዱ ኮፒ ፊደሉ ከመድቀቁ የተነሳ በአምፖል ሥር ነው የሚነበበው፣ መብራት ደግሞ በሄደ ቁጥር ክፍሉ ይጨልማል፣ ጀነሬተር የለም። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ከጠቃሚ መልእክት ይልቅ የመልካም ንጋት አበባ ይበዛበታል።

ለውጥ አለ ወይ ለምትሉኝ፦ በንባብ በኩል አዎ። ልጄ አሁን አንድ ገጽ አንብባ ዋናውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ትነግረኛለች፣ ያልገባትን ቦታም በጣቷ ታሳየኛለች። የትኛው ቦታ እንዳልገባት ማወቋ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው፤ ድሮ «ምንም አልገባኝም» ነበር የምትለው። በጽሕፈት በኩል ግማሽ መንገድ ላይ ናት። አስተዋጽኦ ሳትሠራ መጻፍ አትጀምርም፤ ነገር ግን ብቻዋን ረቂቋን መልሳ ማየት ገና አልለመደችም። ነሐሴ በሥርዓቱ ቢሆን ኖሮ ይሄን ነበር የምታገኘው።

ፈተና ብቻ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ እዚህ አትምጡ፤ የምርጫ ጥያቄ አይሠሩም፣ ትበሳጫላችሁ። ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ለሚገባ ልጅም ትንሽ የረፈደ ይመስለኛል፣ ጽሑፎቹ ይቀሉታል። ስድስተኛን ጨርሶ ሰባተኛ ለሚገባ ወይም ሰባተኛን ለጨረሰ ልጅ ግን ልኩ ነው። ገንዘቡ ከከበዳችሁ ደግሞ ልጁ እጅ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ይበቃል። ሦስቱን ዓምድ አሰምሩለት፣ አንድ ገጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይድፋና በአፉ ይንገራችሁ፣ ከዚያ ይጻፍ። እናንተ የምትጠይቁት «ምን ይላል? ይሄን በምን አወቅህ?» ብቻ ነው። የማትችሉት ነገር እርማቱ ነው፣ እሱንም በዚህ አያያዛቸው እነሱም አልቻሉትም።

በመጪው ክረምት ለመመዝገብ የምታስቡ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፦ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ነው፣ የልጄን ረቂቅ የሚያርመው ማን ነው። የሁለት ወር በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፣ ትንሽ ከተከራከራችሁ የአንድ ወር ይቀበላሉ። የጠዋቱን ፈረቃ ያዙ። የከሰዓቱን ያስያዙ ጎረቤቶቼ የሚነግሩኝ ሌላ ታሪክ ነው። ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጀመራል፣ ጠዋቱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል።